ሞተሯ ታድሶ የተጫነላት ዳትሰን 240ዜድ፦ ችግር ሲኖር ከየት ይጀመራል?

ዳትሰን 240ዜድ ኒሳን ለውጭ ገበያ የሠራት ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ላይ ፌርሌዲ ዜድ ተብላ ወጣች። አሜሪካ ስትገባ መነሻ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር። በጊዜው የአውሮፓ ስፖርት መኪኖች በዚያ ዋጋ የማይሰጡትን ጉልበት ትሰጥ ስለነበር ገዢዎች ተራ ይዘው ጠበቋት። ለእኛ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ሁለት ጊዜ አሸንፋለች። በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታና ሎፍቲ ድሩስ ነበሩ የነዷት። ያንን አቧራና ጭቃ ችሎ የጨረሰው ሞተር ኤል24 ይባላል።

ኤል24 ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ 2,393 ሲሲ የሆነ የቤንዚን ሞተር ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው። ቫልቮቹን የሚከፍት አንድ ካምሻፍት (ባጭሩ ካም) ከላይ አለው፤ የሚያዞረው ካቴና ነው። ቤንዚኑን የሚያቀርቡለት ሁለት የሂታቺ ካርቡራተሮች ናቸው። ፋብሪካው 151 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ብሎ ነበር የሸጠው። እነዚህ መኪኖች ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ እስካሁን መንገድ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሞተራቸው አንድ ጊዜ ወርዷል። ሲሊንደሩ በማሽን ሰፍቷል፣ ክራንክሻፍቱ ተፍቋል፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) እና ብሮንዚና (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ልባስ) ተቀይሯል፣ ቫልቮቹ ተሞርደዋል።

ጣጣው የሚጀምረው ሞተሩ ታድሶ ሲመለስ ነው። መኪናዋ አልነሳም ትላለች፤ ወይም ተነስታ ታስላለች፣ ትሞቃለች፣ ታጨሳለች። ባለቤቱ ብዙ ብር አውጥቷልና ወዲያው ጥርጣሬው ሞተሩ ውስጥ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ውጭ ነው ያለው። ሞተር ሲወርድ የተፈታ ሽቦ፣ የተነቀለ የጎማ ቱቦ፣ የተረሳ ብሎን፣ ቦታውን የሳተ ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ነው። ቴስታታውን ዳግም ከማውረድ በፊት እጅ የነካውን ሁሉ አንድ በአንድ መመለስ ያዋጣል። ደግሞም አዲስ የታደሰ ሞተር እንደ አሮጌው ጊዜ አይሰጥም። ፍተሻው ራሱ ሊጎዳው ይችላል።

ቁልፉ ከመዞሩ በፊት

የዚህ ሞተር ስስ ጎን ካምሻፍቱ ነው። የካሙ ጉብታዎች ቫልቮቹን በሚገፉት ሮከሮች ላይ እየተፋተጉ ነው የሚሄዱት፤ መሃል ላይ የሚንከባለል ነገር የለም። አዲስ ወይም የተሞረደ ካም ከሮከሩ ጋር የሚላመደው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ሞተሩ እንደተነሳ ለ20 ደቂቃ ያህል ከ2,000 ዙር በላይ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ እየተደረገ እንዲሠራ ይመከራል። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ በዝቅተኛ ዙር) ቢቆም ወደ ካሙ የሚረጨው ዘይት ያንሳል፤ የቫልቭ ስፕሪንጎቹ ጫናም ይበረታል። ዚንክ ያለው ዘይት የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ይህ ማለት ካርቡራተር እየነካኩ፣ እያስነሱና እያጠፉ ግማሽ ቀን መዋል አይቻልም ማለት ነው። ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማዞርም ሲገጠም የተቀባውን ቅባት ጠርጎ ይጨርሳል። የብልጭታው ሰዓት (ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት)፣ የቤንዚኑ መድረስ፣ የራዲያተሩ ውሃ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ቁልፍ በፊት ተስተካክሎ ማለቅ አለበት።

ከሁሉ ዘይት ይቀድማል። ካንዴላዎቹ ተፈትተው፣ ብልጭታው ተቋርጦ፣ ሞተሪኖው በአጭር በአጭሩ እየተዞረ የዘይት ጌጁ ከዜሮ ሲነሳ ማየት ያስፈልጋል። ጌጁ ብቻውን ግን አይበቃም። የቴስታታው ክዳን ተነስቶ ዘይቱ ካሙ ላይ መድረሱ በዓይን ይታያል። የኤል ሞተሮች ካም ዘይት የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ካም ውስጡ ክፍት ሆኖ በየጉብታው ላይ ባለች ቀዳዳ ዘይት ያወጣል። ሌላው ከላይ በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ይረጭበታል። ሞተር ሲታደስ ካም ከአንዱ፣ ቴስታታ ከሌላው እየተባለ ይቀላቀላል። ውስጡ ዝግ የሆነ ካም ያለ ቱቦ ቢገጠም በጌጁ ላይ ግፊቱ ያምራል፣ ካሙ ግን ደርቆ ይበላል። አሥራ ሁለቱ ጉብታዎች ሁሉ መርጠባቸውን አንድ በአንድ ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ጨርሶ አልነሳ ሲል

ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ፣ በተለይ በካርቡራተሩ በኩል እየተኮሰ ካስቸገረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። በኤል24 ላይ ዲስትሪቢዩተሩንና የዘይት ፖምፓውን የሚያዞረው አንድ ዘንግ ነው። ፖምፓው ከታች ሲገጠም ዘንጉ አብሮ ይገባል። አንድ ጥርስ ከሳተ የብልጭታው ሰዓት ይዛባል፤ ዲስትሪቢዩተሩን እስከ መጨረሻው ቢያዞሩትም ላይደርስ ይችላል። ትክክለኛው አቀማመጥ በፋብሪካው መጽሐፍ ተጽፏል። አንደኛው ሲሊንደር እሳት ሊቀበል ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ከላይ በዲስትሪቢዩተሩ ጉድጓድ ሲታይ የዘንጉ ምላስ፣ በሰዓት ፊት ላይ በተጻፉት ቁጥሮች (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይሆን) 11፡25 በሚያሳይ መስመር ላይ መዋል አለበት። ምላሱ ጉድጓዱን እኩል አይከፍለውም፤ ትንሹ ግማሽ ወደ መኪናዋ ፊት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒስቶኑ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ መሆኑን ረስቶ ነው፤ አንዴ አየር ሲጨምቅ፣ አንዴ ጭስ ሲያስወጣ። የፑሌጃው (ከሞተሩ ፊት ያለው የክራንክሻፍቱ መዘውር) ምልክት ዜሮ ላይ መሆኑ ይህን አይለይም። የሚለየው ካሙ ነው። የፊተኛው ሲሊንደር ሁለት ጉብታዎች ከፊት ለፊት ሲታዩ ወደ ላይ ተከፍተው፣ አንዱ በሰዓት ፊት ላይ ወደተጻፈው 10 ሌላው ወደ 2 ካመለከቱ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው፤ ቦታው እሱ ነው። ከዚያ የካንዴላ ገመዶቹ በ1-5-3-6-2-4 ቅደም ተከተል ይገጠማሉ። የዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ጣት የሚዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። አቅጣጫው ከተገለበጠ አንደኛና ስድስተኛው ብቻ በቦታቸው ይገኛሉ፣ ሌሎቹ አራቱ ይለዋወጣሉ።

ሌላው የ240ዜድ የራሷ ጠባይ ነው። ቁልፉ ተይዞ ሞተሪኖው ሲዞር ሞተሩ ይይዛል። ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ሲሆን ካርቡራተሩን መንካት አያስፈልግም። ከኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው) አጠገብ ባላስት የሚባል ሬዚስተር አለ። ሞተሪኖው ሲዞር ኮይሉ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን በባላስቱ በኩል ነው። መንገዱም ዳሽቦርድ ላይ ባለው የዙር ቆጣሪ በኩል ያልፋል። ባላስቱ ተቃጥሎ ወይም የዙር ቆጣሪው ሽቦ ላልቶ ከሆነ ብልጭታው ይቋረጣል። ብዙ ቀን የፈጀ ፍለጋ በአንዲት የላላች ሶኬት ሲያልቅ አያስገርምም።

ሞተሪኖው ራሱ እየደከመ የሚዞር ከሆነ፣ ባትሪ ከመግዛት በፊት ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ተገጥሞ እንደሆነ ይታይ። ሞተር ሲጫን ከሚረሱ ነገሮች ዋናው እሱ ነው። ገመዱ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ በቾክ ገመዶች በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ የቾክ ገመድ በእጅ ሲነካ ከጋለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቤንዚን በኩል ብዙ የሚባል የለም። ፖምፓው በቴስታታው ጎን የተገጠመ ነው፤ የሚገፋውም ካሙ ነው። ሞተሩ ታድሶ እስኪመለስ መኪናዋ ወራት ከቆመች በታንከሩ ያለው ቤንዚን ያረጀ ነው። ዝገቱም ወደ ካርቡራተር ይሄዳል። ታንከሩን ማጠብና ፊልትሮ መቀየር ነው።

ተነስቶ ሲያስቸግር

ሞተሩ ተነስቶ ሚኒሞ ካልያዘ፣ ዙሩ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ጋዝ ሲለቀቅ ማርሚታው ከተኮሰ፣ የሚፈለገው የአየር ቀዳዳ ነው። በኤል24 ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው በአንድ ጎን ናቸው። አንድ ጋስኬት ይጋራሉ፤ አንዳንዶቹ ብሎኖችም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚይዙት። ሞተር ያሳደሰ ሰው ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫውንም በአዲስ ይቀይራል። የአዲሱ ጠርዝ ከአየር ማስገቢያው ጠርዝ ከወፈረ ወይም ከቀጠነ፣ ብሎኑ ወፍራሙን ሲያጠብቅ ቀጭኑ ይላላል። በዚያች ስንጥቅ አየር ይገባል፤ የዚያ ሲሊንደር ድብልቅ ይሳሳል። የሁለቱን ጠርዝ ውፍረት በካሊፐር ለክቶ ከብሎኑ ሥር ያለውን ሮንዴላ መሞረድ ነው መፍትሔው።

ቀዳዳ ለማግኘት የካርቡራተር ማጽጃ የሚረጩ ሰዎች አሉ። እዚህ ሞተር ላይ ይህ አደገኛ ነው። ከካርቡራተሮቹ ሥር የጋለ የጭስ ማውጫ አለ፤ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ይያያዛል። አንድ ጫፉ ጆሮ አጠገብ የተያዘ ቀጭን የጎማ ቱቦ የፉጨቱን ቦታ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የፍሬን ሰርቮው የጎማ ቱቦም በዚሁ ይፈተሻል።

ካርቡራተር የሚነካው በስተመጨረሻ ነው። ብልጭታው ትክክል ሳይሆን፣ አየር እየገባ፣ ቫልቭ ሳይስተካከል ካርቡራተር ማስተካከል የሌላውን ጥፋት መሸፈን ነው የሚሆነው። ተራው ሲደርስ መነሻው ቀላል ነው። የሁለቱም ኖዝል (ቤንዚኑ የሚወጣበት አፍ) እስከ ላይ ይጠበቅና ሁለት ዙር ተኩል ወደ ታች ይመለሳል። ውስጣቸው ያለው ፒስቶን በጣት ተነስቶ ሲለቀቅ ቀጭ ብሎ ይወድቃል፤ ከተያዘ ቆሽሿል ወይም መርፌው አልተማከለም። ከዚያ ሁለቱ እኩል አየር እንዲስቡ ይደረጋል። የ1973 ሞዴል ካርቡራተሮች ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። አስቸጋሪነታቸው ስለታወቀ ብዙ ባለቤቶች በቀደሙት ቀይረዋቸዋል፤ ትክክል ያደረጉ ይመስለኛል።

የቫልቭ ክፍተት በፋብሪካው መለኪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስገቢያ 0.20፣ ለማስወጫ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ሲሞቅ 0.25 እና 0.30 ይሆናል። አዲስ የተሞረደ ቫልቭ ቦታውን ሲይዝ ክፍተቱ ይጠብባል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና ይለካል። ይህ ሞተር ሲሠራ ቀለል ያለ ቀጭቀጭ ማሰማቱ ጤንነቱ ነው። ጭራሽ ጸጥ ካለ የጠበበ ቫልቭ አለ ማለት ነው፤ እሱ ነው በኋላ የሚቃጠለው።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ዋናው ነገር ስድስቱ መቀራረባቸው ነው። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 80 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር የሚያወዳድር ሰው ከፍታውን ያስብ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ጤነኛ ሞተር በዚህ ብቻ ተፈርዶበት ዳግም መውረድ የለበትም።

ሙቀት፣ ጭስና ማርሽ

አዲስ ሞተር ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። መርፌው በድንገት ወደ ላይ ከዘለለ ግን አየር ውስጥ ታስሯል። የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርጎ አቁሞ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ ቀስ እያሉ ውሃ መሙላት ያስወጣዋል። ውሃው ከሞላ በኋላ ራዲያተሩ ሳያቋርጥ አረፋ ካወጣና ነጭ ጭስ ካልቆመ፣ የቴስታታው ጋስኬት አልያዘም።

ሰማያዊ ጭስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አያስደነግጥም። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው በጭነት ነው። ዳገት ላይ ጋዝ መስጠት፣ ከዚያ ለቆ በማርሽ ማብረድ፣ ዙሩን መለዋወጥ። ሞተሩን እንዳይደክም ብሎ በሚኒሞ ማቆየት የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል። ከዚያ ፋሻው አይዝም፤ ጭሱም አይቆምም።

ማርሽ አልገባ ካለ ጥፋቱ የሞተሩ ላይሆን ይችላል። የኤል ሞተሮች ፍሪሲዮን የሚገፋው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቀለበት ቁመቱ በየሞዴሉ ይለያያል። የ240ዜድ ቀለበት ከሌላ ሞዴል ፍሪሲዮን ጋር ከገጠመ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም አይለቅም። ጊርቦክሱን ሳያስገቡ መለካት ነበር የሚሻለው፤ አሁን ግን መልሶ ማውረድ ነው።

ሞተሩን እንደገና ለማውረድ በቂ የሚሆኑ ምልክቶች ጥቂት ናቸው። አንዱ ሲሞቅ ከልክ በላይ የሚወርድ የዘይት ግፊት ነው፤ ግን የዳሽቦርዱ ጌጅ ያረጀ ስለሆነ መጀመሪያ በሌላ ጌጅ ይረጋገጥ። ሁለተኛው ጋዝ ሲሰጥ ከታች የሚመጣ ከባድ ምት ነው። የካንዴላ ገመዶች አንድ በአንድ ሲነቀሉ ድምፁ የሚቀንስበት ሲሊንደር ላይ የቢዬላው (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያያይዘው ዘንግ) ብሮንዚና ተበልቷል። ሦስተኛው በመጀመሪያው የዘይት ለውጥ ይታያል። አሮጌው የዘይት ፊልትሮ በፊልትሮ መቁረጫ ተቆርጦ ወረቀቱ ነጭ ጨርቅ ላይ ይዘረጋል። ማግኔት የሚስበው ደቃቅ ዱቄት ከፋሻና ከካም የሚመጣ ነው፤ ጥቂት ከሆነ የመላመድ ነው። ማግኔት የማይስበው መዳብ መሳይ ቅርፊት ከታየ ግን ሞተሩ ዳግም መነሳት የለበትም፤ ዘይቱና የተቆረጠው ፊልትሮ ሳይጣሉ ሞተሩን ወዳደሰው ሰው ይወሰዳሉ።