ፊስቱላ ሆስፒታልና የለጋሾቹ ገንዘብ

ፊስቱላን፣ ማለትም በከባድ ምጥ ሳቢያ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበትን ጉዳት፣ የሚያክመው የአዲስ አበባው ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ታካሚዎቹን ገንዘብ አያስከፍልም። ምርመራው፣ ኦፕራሲዮኑ፣ አልጋው፣ ምግቡ ሁሉ በነፃ ነው። አብዛኛው ወጪ የሚሸፈነው በልገሳ ሲሆን ከአውስትራሊያ የሚመጣው ድርሻ ትልቅ ነው። ልገሳ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ኦፕራሲዮኑ ነው። እሱ ግን ከሥራው ሁሉ አጭሩ ነው።

ታሪኩም የሚነሣው ከልገሳ ነው። በለንደን በነርስነት የሠለጠኑት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፣ በ1942 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ አሰባስበው በልዕልቷ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ አደረጉ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። በ1959 የማህፀን ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ዶ/ር ሬጅናልድና ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን የተቀጠሩት እዚያው ነበር። ውላቸው ለሦስት ዓመት፣ ሥራቸው የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ሦስቱ ዓመት ቢያልቅም አልሄዱም። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፣ ለፊስቱላ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። ዶ/ር ሬጅናልድ በ1993፣ ዶ/ር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው አርፈዋል።

ፊስቱላ የሚመጣው በተራዘመ ምጥ ነው። ሐኪም በሌለበት ምጡ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የማያገኘው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ከዚያ በኋላ ሽንት፣ አንዳንዴም ሰገራ፣ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው የሚወለደው። ብዙዎቹን ባሎቻቸው ይተዉአቸዋል። ሌሎቹ በጠረኑ አፍረው ከለቅሶም ከሠርግም ይቀራሉ።

እንዲህ ያለች ሴት ሆስፒታሉ ስትደርስ ብዙ ጊዜ ወዲያው ለቀዶ ሕክምና አትበቃም። ከስታ ትመጣለች፤ መጀመሪያ በልታ መጠንከር አለባት። ምጡ ነርቭ ጎድቶባት እግሯ የማይታዘዝላትም አለች። እሷ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋታል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደግሞ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ገብቶላት ሁለት ሦስት ሳምንት ትተኛለች። ቱቦው እንዳይዘጋ ውኃ በብዛት ትጠጣለች፤ ነርሶቹም ቀን ከሌት ይከታተላሉ። ሴቶቹ በግቢው ሲንጎራደዱ የሚደርቡት በልዩ ልዩ ቀለም የተሠራ የክር ሹራብ ጨርቅም የልገሳ ነው፤ ባሕር ማዶ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው የሠሩት። ድና ስትወጣ አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣታል። መሳፈሪያ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ገጠር ያለ ቤተሰብ ልጁን አዲስ አበባ ለማድረስ በግ ሸጦ ወይም ተበድሮ ሊሆን ይችላል። መመለሻውን ሌላ ሰው ሲችልለት ቢያንስ በላዩ ሌላ ዕዳ አይገባም።

እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ሁሉም ግን ሙሉ በሙሉ አይድኑም። ፊኛዋ እስከመጨረሻው የተጎዳ ሴት ዕድሜ ልኳን የሽንት ከረጢት ልትይዝ ትችላለች፤ ከሐኪም መራቅም ይከብዳታል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠርቷል። እዚያ ሙያ ይማራሉ፣ ሠርተው ይገባሉ። በሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ ያገኙ የቀድሞ ታካሚዎችም አሉ። ከሁሉ የሚታወቁት ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በታካሚነት መጥተው፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ ዶ/ር ሬጅናልድ እያሳዩዋቸው የተዋጣላቸው ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1989 ከሐምሊኖቹ ጋር የለንደኑን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ስለ ገንዘቡ ከተነሣ አይቀር፦ ሰው መስጠት የሚወደው ለሚታይ ነገር ነው። በ2004 ዶ/ር ካትሪን በአሜሪካዊቷ ኦፕራ ዊንፍሬ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሲቀርቡ ተመልካቹ እጁን የዘረጋው አንድ ኦፕራሲዮን የአንዲትን ሴት ሕይወት ሲቀይር ስላየ ነው። የነርስ ደሞዝ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ግን እንባ አያስመጣም። ሽንት በሚፈስበት ሆስፒታል ደግሞ አንሶላ ሳይታጠብ የሚያልፍ ቀን የለም። እኛም ብንሆን ያው ነን፤ ለልደታችን ምሳ እናበላለን እንጂ የሳሙና ወጪ ልሸፍን የሚል ብዙ አይገኝም። ለእኔ ጠቃሚው ለጋሽ ገንዘቡን ሰጥቶ የት እንደሚውል ለሆስፒታሉ የሚተው ነው።

ሥራው ከጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ ወጥቷል። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይ ቅርንጫፎች አሉ፤ የጎጃም ሴት ለሕክምና አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አይጠበቅባትም። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን አስተምሮ መልሶ ገጠር ጤና ጣቢያ ይመድባል። አዋላጇ ምጡ እንደከበደ ካወቀች በጊዜ ሪፈር ትጽፋለች፤ ፊስቱላውም ከመነሻው አይመጣም። የዳነች ሴትም ዳግመኛ ስታረግዝ በቤቷ እንዳትወልድ ይነገራታል። የተሰፋው ቦታ ተመልሶ እንዳይቀደድ በኦፕራሲዮን መውለድ አለባት፤ ስለዚህ ቀኗ ሳይደርስ ወደ ሆስፒታል መቅረብ ይኖርባታል።