ከቤት ለቤት ቆጠራ እስከ ጤና ጣቢያ፦ የቡታጅራና የሶዶ የጤና ምርምር

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በሆሳዕና መስመር የሚጓዝ ሰው ምሳ የሚበላባት፣ በርበሬ ገዝቶ የሚያልፍባት የጉራጌ ከተማ ናት። በሕክምና ምርምር ዓለም ግን ስሟ የሚነሳው በሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ እያለ ለአሥርት ዓመታት ሲመዘግብ ቆይቷል። ከዚያ መዝገብ ደግሞ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና ወጥቷል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በዚህ ጉዞ ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በደርግ ዘመን፣ በ1986 ነው። የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ አንድ ጥያቄ አነሳ። የገጠር ልጆች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ሆስፒታል መዝገብ ላይ የለም። አብዛኛው ልጅ የሚሞተው ቤቱ ነው፤ የሚቀበረውም ማንም ሳይመዘግበው ነው። የሚሠራ የልደትና የሞት ምዝገባ በገጠር አልነበረም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ መዝገቡን ራሳቸው መፍጠር ነበረባቸው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከስዊድን መንግሥት የምርምር ድጋፍ መጣ።

በዚያን ጊዜው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ በናሙና ተመረጡ። መጀመሪያ ላይ በውስጣቸው 28 ሺህ ገደማ ሰው ይኖር ነበር። የቦታው ምርጫ ብልህ ነው። መሬቱ ከ1,500 ሜትር አካባቢ ቆላ ተነስቶ እስከ 3,500 ሜትር ደጋ ይወጣል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ወባ የሚያስቸግረውም፣ ብርዱ የሚያንዘፈዝፈውም ቀበሌ አለ። እንሰት የሚበላውም፣ በቆሎና በርበሬ የሚያመርተውም አለ። ፕሮግራሙ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ተባለ።

ሥራው የቆመው በመረጃ ሰብሳቢዎቹ ትከሻ ላይ ነው። እነሱ ከአዲስ አበባ የመጡ አልነበሩም፤ የዚያው አካባቢ ልጆች ነበሩ። ቤቶቹ ሁሉ ቁጥር ተሰጣቸው። ሰብሳቢው በየወሩ እያንዳንዱን ቤት እያንኳኳ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ፣ የመጣና የሄደ ሰው ይጠይቃል። ዙሩ በኋላ በየሦስት ወሩ ሆነ። ሲወራ ቀላል ነው። ነፍሰ ጡር መሆኗን ለጎረቤት እንኳ ያልተናገረች ሴት ግን ለመዝጋቢ ቶሎ አትናገርም። ቤቱን በየወሩ የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሲሆን ነው በሩ የሚከፈተው።

ከሁሉ የሚከብደው የሞት ጥያቄ ነው። ቨርባል አውቶፕሲ ይሉታል። ቤተሰቡ ከሐዘኑ ትንሽ ሲረጋጋ ጠያቂው ይመለሳል። ልጁ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? ሳል ነበረው? ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር? ተቅማጥስ? እናት የምትመልሰው ቃል በቃል ይጻፋል። ሐኪሞች ወረቀቱን አንብበው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበው መረጃ ሳንባ ምችና ተቅማጥ የልጅ ገዳዮች መሆናቸውን አሳየ። አንድ ሌላ ነገርም ጎልቶ ወጣ፤ የቤቱ ሁኔታ። መስኮት በሌለው ቤት የሚያድግ ልጅ የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ጭስ የታፈነበትን ጎጆ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም። ግን ማወቅና በቁጥር ማሳየት ይለያያሉ።

በዚያው ወረዳ፣ በዚያው ሰሞን፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ሌላ የቤት ለቤት ጥናት ያካሂዱ ነበር። 60,820 ሰው አዳርሰው የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች አገኙ። ከ1,000 ሰው አምስት ገደማ ማለት ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም። እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ ነበሩ። በሽታው በለሃጭ ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ ሰው ሲወድቅ የሚያነሳው አልነበረም።

መዝገቡ እያደገ ሲሄድ የማይጠየቅ ጥያቄ መጠየቅ ተቻለ። የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች ባደረገው የሴቶች ጤናና ጥቃት ጥናት የኢትዮጵያ ቦታ ሆና የተመረጠችው ቡታጅራ ነበረች። 3,016 ሴቶች ተጠየቁ። ውጤቱ በ2005 ይፋ ሲሆን፣ ትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ በባላቸው ወይም በጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ልበል። ዩኒቨርሲቲና የጤና አገልግሎትን ማገናኘት በኢትዮጵያ ከቡታጅራ አልተጀመረም። ጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አብረው ሰልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ጅማም በ1983 ተቋሙ ሲመሠረት ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ አቆመው። ዳባት፣ ግልገል ጊቤ፣ ቀርሳ የሚባሉት የጥናት ጣቢያዎች ከቡታጅራ በኋላ የተከተሉ ናቸው። ቡታጅራን የሚለየው መዝገቡ ወደ ሕክምና መሻገሩ ነው። መሻገሪያውም ማንም ያልጠበቀው መስክ ሆነ፤ የአእምሮ ጤና።

የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በ1990ዎቹ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን በቤታቸው አስጠየቁ። መጠይቁ 20 አዎ ወይም አይደለም የሚባሉ ጥያቄዎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ራስ ምታት ነው፤ የመጨረሻዎቹ አካባቢ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ይጠየቃል። ስለ ጫትም ተጠየቀ፤ ግማሽ ያህሉ እንደሚቅሙ ተናገሩ። ቀጥሎ የመጣው ሥራ ግን ከዚህ ይሰፋል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጣሩ። መጠይቅ ብቻ አልነበረም፤ የቀበሌውን ሰው አብጠርጥረው የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ተጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም ሐሳብን የሚያዛባና የሌለ ድምፅ የሚያሰማ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ያለባቸው 321 ሰዎች ተገኙ። ባይፖላር፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም፣ ያለባቸውም ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነበር።

የምርምሩ መልክ የተለወጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ልጅ በምን እንደሞተ ጠይቆ መመለስ ይቻላል። ጓሮ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ወጣት አይቶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ አመሰግናለሁ ብሎ መሄድ ግን ይከብዳል። ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ አይደለም ያሰረው። ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ጅብ እንዳይበላው፣ ሰው እንዳይመታ ብሎ ነው። ጠበል ወስዶታል፤ ያለውን ከብት ሸጧል። ዘመናዊ ሕክምናው ደግሞ ያኔ የነበረው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሰልጠን ሲጀምር፣ በ2003፣ በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ቡታጅራ ላይ በአእምሮ ጤና ነርሶች የሚመራ የተመላላሽ ክሊኒክ ሥራ ጀመረ። የተገኙት ሕሙማን መድኃኒትና ክትትል አገኙ፤ ተመራማሪዎቹም ለዓመታት ተከታተሏቸው። ክትትሉ ያመጣው ዜና መራራ ነው። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው የ919 ሕሙማንን የአሥር ዓመት ታሪክ ሲያዩ 121ዱ ሞተዋል። ይህ ከአካባቢው ሕዝብ እጥፍ ነው። የሞቱትም ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። አእምሮው የታመመ ሰው ሲያስለው ማንም ጤና ጣቢያ አይወስደውም፤ ቢወሰድም ሳሉን የሚያዳምጥለት አያገኝም። የአእምሮ ሕክምናውና የሌላው ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁኑ የሚለው ክርክር ከዚህ ቁጥር ብዙ ጉልበት አግኝቷል።

ሙከራው የተደረገው በአጎራባቿ የጉራጌ ሶዶ ወረዳ ነው። ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት ከ2011 እስከ 2019 በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተካሄደ። ገንዘቡ ከእንግሊዝ መንግሥት፣ አስተባባሪው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ዩኒቨርሲቲውና ጤና ሚኒስቴር አብረው ያዙት። አሠራሩ አዲስ ሕንፃ አልፈለገም። በወረዳው ጤና ጣቢያዎች ያሉት ጤና መኮንኖችና ነርሶች የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ይዘው ሰለጠኑ። ሳይኮሲስ (እንደ ስኪዞፍሬኒያ ከእውነታ የሚያለያይ ሕመም)፣ ድብርት፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር ቅድሚያ ተሰጣቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚያዩትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ተደረገ። ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የወረዳው ኃላፊዎች ያሉበት አማካሪ ቦርድም ተቋቋመ። ጠበል ላይ ያለ ሕመምተኛ ክኒኑንም እንዲውጥ ከተፈለገ ካህኑ ሳይነገረው አይሆንም።

ከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ ውጤቱ ጥሩ ነበር። ከተለዩት ሰዎች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ደርሰዋል። ድብርት ላይ ግን ነገሩ አልሄደም። ከሥልጠና በኋላም ባለሙያዎቹ የሚለዩት ከሚመጣው በጣም ጥቂቱን ነው። ለምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሴትየዋ ጤና ጣቢያ መጥታ አዝኛለሁ አትልም። ራሴን ያመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ አቅም አጣሁ ትላለች። ወረፋው ረጅም ነው። የጨጓራ መድኃኒት ተጽፎላት ትሄዳለች። ሳይኮሲስን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ድብርትን የሚያውቀው የታመመው ሰው ራሱ ብቻ ነው።

ስለ እናቶች ድብርትም የቡታጅራ መዝገብ የሚለው አለው። በ2005 እና 2006 የተመዘገቡ 1,065 ነፍሰ ጡሮች ከነልጆቻቸው ክትትል ተደርጎላቸዋል። በእርግዝና ጊዜ ጭንቀትና ድብርት የበረታባቸው ምጣቸው ይረዝማል፤ ጡት ማጥባት ለመጀመርም ይዘገያሉ። በሌላ አገር የታየው የልጅ መቀጨጭ ግን እዚህ ከእናት ድብርት ጋር አልተያያዘም። የውጭ ጥናት ተገልብጦ እንደማይሠራ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ለዓመታት ሆስፒታል ሲከታተል የኖረ ሕመምተኛ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ቢዛወር ይጎዳል? በቡታጅራ አካባቢ 329 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ገሚሱ ከሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ቀጠለ፤ ገሚሱ ጤና ጣቢያ ተዛወረ። ከዓመት በኋላ ጤና ጣቢያው ከሆስፒታሉ ያነሰ ውጤት አላመጣም። ጥናቱ በ2022 ታተመ። ለትራንስፖርት ብር ለሚቸገር፣ ለቀጠሮ ሲል የሥራ ቀን ለሚያጣ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ፋርማሲ ውስጥ የሌለ ቀን ነው። ያን ቀን ከግል መግዛት ይመጣል፣ ያልቻለ ያቋርጣል። የሰለጠነው ነርስም ሁልጊዜ አይገኝም፤ ተዛውሯል ወይም ትምህርት ሄዷል።

ክኒንና መርፌ ድምፁን ጸጥ ቢያደርግም ሰውየውን ወደ እርሻውና ወደ ዕድሩ አይመልሰውም። ሪስ የተባለው ጥናት የተነሳው ከዚህ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ኖሮባቸው የከበዳቸው 166 ሰዎች ተካተቱ። ለሁሉም የጤና ጣቢያ ሕክምና ነበር፤ ለገሚሶቹ ደግሞ የአካባቢው ልጅ የሆነ፣ ለዚህ ሲባል የሰለጠነ ሠራተኛ ቤታቸው ይመላለስ ነበር። ሠራተኛው ሐኪም አይደለም። መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ለቤተሰቡ ያስረዳል፤ ገላ ስለመታጠብ፣ መድኃኒት ስላለማቋረጥ ይነጋገራሉ። ቀስ ብሎ አጥር ማጠር፣ ገበያ መሄድ ይመጣል። ዕድርተኛውንና ጎረቤቱንም ያነጋግራል። በዓመቱ ቤታቸው ሰው ይሄድላቸው የነበሩት ከሌሎቹ ይልቅ ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀስ ጀመሩ።

እነዚያ ሠራተኞች የተቀጠሩት በፕሮጀክት ገንዘብ ነበር። ሥራው ወደ መንግሥት መዋቅር ይግባ ሲባል ቀድማ የምትታሰበው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እሷ ደግሞ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ሆና 5,000 ያህል ሰው ትይዛለች። ክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉ፣ የመጸዳጃ ቤት ቅስቀሳው፣ የጤና መድህን መዋጮው፣ ሪፖርቱ ሁሉ የእሷ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው ቤት ሄዳ አንድ ከሰዓት በኋላ ብትቀመጥ ከእነዚህ የትኛው እንደሚቀር እስካሁን የወሰነላት የለም።