የታላቋ ዚምባብዌ ካብ ለምን ተሠራ?

በዚምባብዌ፣ ከማስቪንጎ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካበ የግራናይት ግንብ አለ። ታላቋ ዚምባብዌ ይባላል። ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እዚህ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰው ከትሞበት ኖሯል። የገነቡት ዛሬ በዚምባብዌ የሚኖሩት የሾና ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ይህ የተዘጋ ጉዳይ ነው። ያልተዘጋው "ለምን ሠሩት?" የሚለው ነው።

ግንቦቹ በአንድ ኮረብታ ላይ፣ በግርጌውና በሸለቆው ይገኛሉ። በተለይ የሚያከራክረው ከኮረብታው ግርጌ ያለው ታላቁ ቅጥር ነው። የውጭ ግድግዳው ዙሪያ 250 ሜትር ገደማ ሲሆን ቁመቱ እስከ 11 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ድንጋይ ግን ጣሪያ አልተሸከመም። ሰው የሚኖረው ውስጡ በተሠሩ የጭቃ ጎጆዎች ነበር። ለጦርነት ታስቦ የተሠራ ምሽግም አይመስልም። ስለዚህ ብዙ አጥኚዎች የገዢዎችን ክብር የሚያሳይና ከሕዝብ ዓይን የሚከልላቸው አጥር ነው ይላሉ።

መልሱ እንዲህ የራቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርመናዊው አሳሽ ካርል ማውክ በ1871 ደርሶ ከንግሥተ ሳባ ጋር አያያዘው። ከበሩ ጉበን የቆረጠው እንጨት የሊባኖስ ዝግባ መስሎት ነበር። ከ1902 ጀምሮ ደግሞ የቦታው ተቆጣጣሪ የነበረው ሪቻርድ ሆል "ላጽዳው" ብሎ የነዋሪዎቹን ዱካ የያዘውን አፈር እየዛቀ ጣለው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። አርኪዮሎጂስቶቹ ዴቪድ ራንዳል ማክአይቨር በ1905፣ ገርትሩድ ካተን ቶምሰን በ1929 የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን ቢያረጋግጡም፣ የተጣለውን አፈር ማንም አይመልሰውም። የትኛው ክፍል ማብሰያ፣ የትኛው መኝታ እንደነበር የሚናገረው እሱ ነበር።

በቅጥሩ ውስጥ ያለው ሾጣጣ ግንብ 10 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ውስጡ ድፍን ነው። የእህል ጎተራ ስለሚመስል፣ ግብር ሰብስቦ ሕዝቡን የሚመግብ ገዢ ምልክት ነው የሚሉ አሉ።

አርኪዮሎጂስቱ ቶማስ ሀፍማን ንጉሡ ኮረብታው ላይ ይኖር እንደነበር፣ ታላቁ ቅጥር ደግሞ ወጣቶች ለትዳር የሚዘጋጁበት ቦታ እንደነበር ጽፏል። ተቺዎቹ ግን ማስረጃው ከብዙ ዘመን በኋላ ከተመዘገበ የሾናና የጎረቤታቸው የቬንዳ ሕዝብ ባህል የተወሰደ ነው ይሉታል። ትችቱ ተገቢ ነው።

ለእኔ ሚዛን የሚደፋው አርኪዮሎጂስቶቹ ሻድሬክ ቺሪኩሬና ኢኖሰንት ፒኪራዪ በ2008 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እነሱ እንደሚሉት ኮረብታው፣ ቅጥሩና ሸለቆው በየተራ የነገሡ ገዢዎች መቀመጫዎች ነበሩ። አዲስ ገዢ ሲመጣ ማዕከሉም አብሮት ይዛወራል። ይህ ከሆነ ቅጥሩ በአንድ ንጉሥ ዘመን ቤተ መንግሥት፣ በሌላው ዘመን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ዘመን የሚሠራ አንድ መልስ መፈለግም አያስፈልግም።