የኅዳግ ወጪ ምንድን ነው? ስለ ሕዝብ ጀልባ ታሪፍ ለሚከራከሩ

የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ታሪፍ ይጨመር ወይስ ይቀነስ በሚለው ክርክር ውስጥ «የኅዳግ ወጪ» የሚለው ስያሜ ያለቦታው ሲገባ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሰሞኑ አስተያየት ሰጪ የአገልግሎቱን ዓመታዊ ወጪ ለተሳፋሪዎች ብዛት አካፍሎ ውጤቱን የኅዳግ ወጪ ብሎ ጠራው፤ የቲኬቱ ዋጋ ከዚህ በታች ስለሆነም ታሪፉ ዝቅ ብሎ ተሳፋሪ በበዛ መጠን ኪሳራው ይከመራል ሲል ደመደመ። ያሰላው ግን አማካይ ወጪን ነው።

የኅዳግ ወጪ ማለት አንድ ተሳፋሪ በመጨመሩ ምክንያት ብቻ የሚጨምረው ወጪ ነው። የጀልባ ነዳጅ በአብዛኛው የሚወሰነው በርቀቱ፣ በፍጥነቱና በራሱ በጀልባው ግዝፈት ነው፤ የሠራተኞቹ ደመወዝ፣ ኢንሹራንሱና ጥገናውም ወንበሮቹ ባዶ በመሆናቸው አይቀንሱም። ወጪው የጉዞው እንጂ የተሳፋሪው አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለኮሰ ፋኖስ የሚፈጀው ጋዝ ከሥሩ አንድ ሰው ቢቀመጥም አሥር ሰው ቢቀመጥም ያው ነው፤ ጋዙን ለአሥር ማካፈል ይቻላል፣ አሥራ አንደኛው ሲገባ ግን ፋኖሱ አብልጦ አይነድም። ክፍሉ ጢም ብሎ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ሰው ደግሞ ሌላ ክፍልና ሌላ ፋኖስ ይፈልጋልና የእሱ ወጪ ከአማካዩ እጅግ ይበልጣል። ትልቅ ዕቃ ይዞ የገባ ሰውም የብዙዎችን ቦታ ይይዛል፤ በጀልባ ላይ ያ ዕቃ መኪና ነው።

ስለ መኪና ካነሣን፣ ስኮትላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. በምዕራባዊ ደሴቶቿ መስመሮች ላይ የጀልባውን ታሪፍ ያንኑ ርቀት በመንገድ ለመንዳት ከሚወጣው ወጪ ጋር የሚያያይዝ አሠራር በሙከራ ጀምራ ኋላ አስፋፋችው። ታሪፉ ሲወርድ የመኪናው ቁጥር ጨመረ፤ የደሴቶቹ ነዋሪዎችም በበጋ ለመኪናቸው ቦታ ማጣታቸውን በምሬት ይናገሩ ጀመር። እንዲህ ባለ ጊዜ የኅዳግ ወጪው በሒሳብ መዝገብ ላይ ሳይሆን ወደብ ላይ በቀረው ሰው ላይ ያርፋል። በእግረኛ ተሳፋሪም ቢሆን፣ የደኅንነት ደንቦች ዝቅተኛውን የሠራተኛ ቁጥር ከተሳፋሪው ብዛት ጋር ስለሚያስተሳስሩ፣ ወጪው ተራ በተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚዘልበት ደረጃ አለ።

እዚህ ላይ የታሪፍ ቅነሳ ደጋፊዎች ቸኩለው ባያጨበጭቡ ጥሩ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ጥናት እንደ ሻካራ መለኪያ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ግምት ታሪፍ በ10 በመቶ ሲቀየር የተሳፋሪው ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ 3 በመቶ ገደማ በተቃራኒው ይቀየራል የሚል ነው። በዚህ ስሌት ታሪፉን በ10 በመቶ መቀነስ ገቢውን በ7 በመቶ ያህል ያጎድለዋል፤ ድጎማውም ይጨምራል። የሚጨምረው ግን ቀድሞም ሲሳፈሩ የነበሩት ሰዎች አሁን አነስ ያለ ስለሚከፍሉ እንጂ አዲስ መጪዎቹ ወጪ ስላስከተሉ አይደለም። እነሱማ ባዶ ወንበር ላይ እስከተቀመጡ ድረስ የከፈሏት ሁሉ ትርፍ ናት። መለኪያው ለአውቶቡስ የተለመደ ነው፤ ድልድይ በሌለበት መሻገሪያ ለውጡ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ በዓመታት ውስጥ ደግሞ ሰዎች መኖሪያና ሥራ ስለሚቀይሩ ይሰፋል። ታሪፍ መሰብሰቡም ራሱ ወጪ እንዳለው መዘንጋት የለበትም፤ የኒውዮርኩ ስታተን አይላንድ ጀልባ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ሲያጓጉዝ ቲኬት ቆራጭም አያስፈልገውም።

አስተያየት ሰጪው ሊያቀርብልን የሚገባው አኃዝ እንግዲህ የየጉዞው የመሙላት መጠን ነው፤ ያውም የወንበሩና የመኪናው ወለል ለየብቻ፣ በየሰዓቱ ተለይቶ። ጠዋት ሞልቶ እኩለ ቀን ላይ ባዶውን የሚመላለስ ጀልባ ሁለት የተለያዩ የኅዳግ ወጪዎች ስላሉት፣ «ይጨመር ወይስ ይቀነስ» ለሚለው ጥያቄም በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል።