ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዋጋው አይደለም!

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ወርቅ ቤት አለኝ። ከአረብ አገር የተመለሱ ልጆች ይበዙብኛል። አሁን አሁን ከሀብልና ከአምባሩ ጋር የወርቅ ሳንቲምም ብቅ እያለ ነው። አብሮት የሚመጣው ወሬ ግን ሰለቸኝ።

«ማግኔት ካልሳበው ወርቅ ነው።» መዳብንም፣ እርሳስንም ማግኔት አይስብም።

«ነክሼ አውቀዋለሁ።» እርሳስ ከወርቅም ይለሰልሳል። ይልቅ ለጥርስዎ ይዘኑ።

«እኔን ማንም አይሸውደኝም።» በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ራሱ ወርቅ ብሎ የገዛው ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኝቷል። እርስዎ ከባንክ ይበልጣሉ?

«ወርቅ አይወርድም።» እንደ ፈረንጆቹ በ1980 አንድ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። በ1999 ወደ 250 ገደማ ወርዷል። በ850 የገዛ ሰው ገንዘቡ እስኪመለስለት ልጁን ድሯል።

«22 ካራት ሳንቲም ከ24 ያነሰ ወርቅ አለው።» ይሄ እንኳ የሚያሳስት ነው። የካናዳው የወርቅ ሳንቲም ሜፕል ሊፍ 24 ካራት፣ ማለትም ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 31.1 ግራም ይመዝናል። የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ 22 ካራት ሆኖ 33.93 ግራም ነው። ትርፉ ክብደት ሳንቲሙ እንዲጠነክር የተጨመረ መዳብ ነው። ንጹሕ ወርቃቸው እኩል ነው። ሀብል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ 20 ግራም ባለ 18 ካራት ሀብል ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 15 ግራም ብቻ ነው። የእጅ ዋጋ የከፈሉበት ደግሞ ሲሸጡት አይመለስም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ላዩ ላይ የተጻፈው ዋጋው ነው።»

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ መሐረብ ፈትታ ሜፕል ሊፍ አወጣች። አሠሪዋ ስትሰናበት የሰጠቻት ነው። በአንድ በኩል ንግሥቲቱ፣ ከሥሯ «50 ዶላር» የሚል ጽሑፍ። «ጋሼ፣ ደላላው በጥቁር ገበያ ሂሳብ 50 ዶላሩን ሊሰጠኝ ነው። ጥሩ ነው አይደል?»

ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 31.1። ስፋቱን ለካሁ፤ 30 ሚሊ ሜትር። ጣቴ ጫፍ ላይ አድርጌ በመጻፊያ እርሳስ መታ ሳደርገው ረጅም ጠራ። እውነተኛ ነው። የወርቁ ዋጋ ብቻ የ50 ዶላር ከሃምሳ እጥፍ በላይ ነበር።

ቁጥሩ የተጻፈው ሳንቲሙ በአገሩ ሕጋዊ ገንዘብ እንዲሆን ነው። ካናዳ ሱቅ ገብቶ በ50 ዶላር ዳቦ የሚገዛበት ሞኝ የለም። የሚሸጠው በዕለቱ የወርቅ ዋጋ፣ በክብደቱ ነው። ክሩገራንድ ላይማ ጭራሽ የገንዘብ ቁጥር የለም። ታዲያ በነፃ ሊሰጡት ነው?

ልጅቷ ይሄን ሰምታ ዝም አለች። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እንግዲያው ብሳልኝ፣ እናቴ አንገቷ ላይ ታንጠልጥለው።»

ሰዎች፣ አትብሱት! የማንጠልጠያ ጆሮም አታስበይዱበት! የተበሳና የተበየደ ሳንቲም ገዢው የሚያየው እንደ ስብርባሪ ነው፤ ቀልጦ በሚወጣው ወርቅ ብቻ ይተመናል። ሳሙናና ጥርስ ሳሙናም ይቅርበት፤ የተፋቀ ሳንቲም ያስነቅፋል።

ጠርዙን ብቻ የሚያቅፍ፣ ሲፈለግ የሚከፈት የብር ቀፎ ሠራሁላት። ለፋሲካ እናትየው ነጭ ልብስ ለብሰው አንጠልጥለውት መጡ። ደላላው ከፊት ለፊት ጀበና ቡናው ጋ አሁንም ይቀመጣል፤ ሰላምታ ግን አቁሞብኛል።