«ለከርሞ በኢየሩሳሌም!»

አይሁዶች የፋሲካ ማታ ማዕድ ከበው ከግብፅ የመውጣታቸውን ታሪክ ሲተርኩ ያመሻሉ። ቂጣው፣ መራራው ቅጠልና አራቱ የወይን ጽዋ ተራ በተራ ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ ልጅ አዋቂው በአንድ ድምፅ «ለሻና ሀባአ ቢሩሻላይም» ይላል። ለከርሞ በኢየሩሳሌም ያድርሰን ማለት ነው። የዮም ኪፑር (የማስተስረያ ቀን) ጾም ሲያበቃም ይኸው ይባላል።

ምኞቱ የሚነሣው ማዕዱ ላይ ከጎደለው ነገር ነው። በኦሪት ሕግ የፋሲካው በግ የሚታረደው በቤተ መቅደሱ ነበር። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱ በጉም ቀረ። ዛሬ ለመታሰቢያ የተጠበሰ አጥንት ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ አይበላም። ሥርዓቱን በዚህ ቃል መዝጋት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ተለመደ፤ ከዚያ ተዛመተ። ኢየሩሳሌም የሚኖሩትስ? እነሱም ይሉታል፤ «በታነጸችው ኢየሩሳሌም» ብለው። የሚጠብቁት ቤተ መቅደሱንና የመሲሑን ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ እስራኤል እንዳይሄድ የተከለከለው የሶቪየት አይሁዳዊ ናታን ሻራንስኪ ሞስኮ ውስጥ በስለላ ተከሶ ችሎት ቆመ። ለሚስቱና ለሕዝቡ «ለከርሞ በኢየሩሳሌም» አለ። ለዳኞቹ ግን የምለው የለኝም ብሎ ተቀመጠ። 13 ዓመት ፈረዱበት። የተፈታው በ1986 ነው፤ በዚያው ዕለት እስራኤል ገባ።

የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ አገራቸው ኢትዮጵያ ሳሉ ይህ ቃል አልነበራቸውም። በጉ ግን ነበራቸው፤ ፋሲካ ሲደርስ በየመንደራቸው ያርዱ ነበር። ናፍቆቱም ያው ነበር። ልጆቹ ሽመላ ሲያልፍ ካዩ «ሽመላ ሽመላ፣ አገራችን ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ?» ይሉ ነበር። ስግድ በሚሉት ዓመታዊ በዓላቸው ደግሞ ጾመው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቹ ኦሪት ያነቡ፣ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ብዙ ቤተሰብ መነኩሴውን አባ ማህሪን ተከትሎ በእግሩ ወደዚያው ተነሣ። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። እኔ የዚህ አባባል ክብደት የሚገባኝ እነዚያን መንገደኞች ሳስብ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። እዚያ ከገቡም በኋላ ስግድን አልተዉትም። በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ ተሰብስበው ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በዓሉ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው።