ስለ ጥንታዊ የጉዞ ሳጥኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ የጉዞ ሳጥን ያገኘ ሰው መጀመሪያ «የመቼ ነው?» ይላል፤ ቀጥሎ «የማን ሥራ ነው?»፤ ከዚያም «በምን ላጽዳው?»። ለሦስቱም ከሻጭ ወደ ገዢ የሚቀባበሉት ዝግጁ መልስ አለ፤ ብዙው ግን ስህተት ነው። ስህተቶቹ መልካቸው ይመሳሰላል፦ አንዲት ቁራጭ ይታይና በሙሉው ሳጥን ላይ ይፈረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«መቆለፊያው ላይ 1872 ተቀርጿል፤ ስለዚህ ሳጥኑ የ1872 ነው»

ከሁሉ የሚደጋገመው ይህ ነው። በአሜሪካ ሳጥኖች መቆለፊያና የጥግ ብረት ላይ የሚነበበው ቀን ለዕቃው ፓተንት (የፈጠራ መብት) የተሰጠበት ቀን እንጂ ሳጥኑ የተሠራበት አይደለም። የአሜሪካ ፓተንት ከ1861 ጀምሮ ለ17 ዓመት የሚጸና ስለነበር አምራቹ ያንኑ ጽሑፍ ሳይቀይር ዓመታት ሙሉ ሲያትም ይኖራል። 1872 የሚለው ቁጥር «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» ከማለት አያልፍም፤ ሳጥኑ የ1880ዎቹ ቢሆን አይገርምም።

የተሻለው መንገድ በሳጥኑ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ መዝግቦ ከሁሉም የኋለኛውን መያዝ ነው፤ ያ ክፍል ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ መሆን አለበት። ይህን ለማረጋገጥ የብረቱን ዙሪያ ማየት ነው። አጠገቡ ባዶ የሚስማር ቀዳዳ፣ የሌላ ብረት ጥላ ወይም ያልደበዘዘ ሸራ ከታየ ብረቱ ተቀይሯል።

ሚስማሩም ይመሰክራል። ከብረት ሉህ ላይ የተቆረጠው፣ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥነው ሚስማር በአሜሪካ እስከ 1880ዎቹ መጨረሻ ገኖ ቆይቶ በ1890ዎቹ ለክብ የሽቦ ሚስማር ቦታውን ለቀቀ። ይህን መለኪያ ይዞ የፈረንሳይ ሳጥን ላይ መፍረድ ግን ያሳስታል፤ እዚያ የሽቦ ሚስማር ቀደም ብሎ ተለምዷል። ራሱ ላይ መስቀል ያለው ቪቴ ካለበት ደግሞ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የገባ ነው፤ የቀረው ሁሉ የ1880ዎቹ ከሆነ ቪቴው የጠጋኝ እጅ ነው።

«ኢግል ወይም ኤክሴልሲየር ይላል፤ የሠሪው ስም ነው»

የመቆለፊያው ስም ነው። ኢግል ሎክ ኩባንያ በ1854 በኮነቲከት ግዛት ቴሪቪል የተቋቋመ የቁልፍ ፋብሪካ ነበር። ሳጥን ሠሪዎች መቆለፊያ በጅምላ ይገዙ ስለነበር አንዱ ዓይነት በብዙ ሠሪዎች ሥራ ላይ ይገኛል። የሠሪው ስም ካለ የሚፈለገው በክዳኑ ውስጥ ወይም በተነቃዩ ትሪ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ጨርሶ ስም ያልተጻፈባቸውም ብዙ ናቸው።

«ክዳኑ ጎበጥ ያለ ከሆነ ጥንታዊ ነው፤ ጠፍጣፋ ከሆነ የቅርብ ነው»

ጎባጣና ጠፍጣፋ ክዳን ጎን ለጎን ኖረዋል። ሳጥን ሠሪው ሉዊ ቪቶን በፓሪስ ግራጫ ሸራ የለበሰ ጠፍጣፋ ሳጥን ማውጣት የጀመረው በ1858 ነው፤ በአሜሪካ ጎባጣው ክዳን የተስፋፋው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ከ1870ዎቹ አንስቶ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ነው። በቅርጽ ብቻ ዕድሜ መናገር ከተፈለገ ቆሞ እንደ ቁምሳጥን የሚከፈተው፣ መስቀያና መሳቢያ ያለው ዓይነት ይሻላል፤ እሱ በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ሥራ ነው።

«ሁሉም የመርከብ ሳጥን ነው»

ሻጮች የወደዱት ስም ነው፤ ያገኙትን ሳጥን ሁሉ «የመርከብ» ይሉታል። በትክክል የመርከብ ካቢን ሳጥን የሚባለው ዝቅ ያለው፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው ነው፤ አልጋ ሥር መግባት ነበረበትና። ትልልቆቹ ወደ ዕቃ ክፍል ይወርዱ ስለነበር «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ከፍ ባለ ሳጥን ላይ ቢገኝ ያስኬዳል፤ አልጋ ሥር በሚገባ ሳጥን ላይ ከሆነ ግን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

«የመርከብ ድርጅት ወረቀት ስላለበት ታሪኩ የተረጋገጠ ነው»

ወረቀት በቀላሉ ይታተማል፣ በሻይ ይቀልማል፣ ይለጠፋል። በተለይ የዋይት ስታር ወረቀት የታይታኒክ ባለቤት ስም ስለሆነ አስመሳዮች ይወዱታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራ ቫዮሌት መብራት ይብራበት። ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ደማቅ ነጭ ካበራ ማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው፤ ይህ ኬሚካል በወረቀት ሥራ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አለማብራቱ ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ በአሮጌ ባዶ ወረቀት ላይ ማተምም ይቻላል። ቀጥሎ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ማየት ነው፦ እውነተኛው ከሸራው ጋር አብሮ ተፍቋል፣ ጭረቱም ከወረቀቱ አልፎ ሸራው ላይ ይቀጥላል። ጭረቱ ወረቀቱ ሥር ገብቶ የሚጠፋ ከሆነ ወረቀቱ ከጭረቱ በኋላ የመጣ ነው።

በውስጥ የተለጠፈ ጋዜጣም እንዲሁ ነው። የሚናገረው ገበሩ ከመቼ ወዲህ እንደተለጠፈ ነው፤ ሳጥኑ ቀደም ብሎ ተሠርቶ በኋላ አዲስ ገበር ለብሶ ሊሆን ይችላል።

«ሞኖግራም ያለበት ቪቶን መሥራቹ ራሱ የሠራው ነው»

ሉዊ ቪቶን የሞተው በ1892 ሲሆን ሞኖግራሙን፣ ማለትም የስሙ መነሻ ፊደላት የተጠላለፉበትን ንድፍ፣ ያወጣው ልጁ ዦርዥ ነው፤ በ1896። ከዚያ በፊት የነበሩት በ1858 ግራጫው፣ በ1872 ባለ መስመሩ፣ በ1888 ደግሞ ዳሚዬ የሚባለው ባለ ዳማ ሸራ ናቸው። በውስጥ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈው የፓሪስ አድራሻም ይረዳል፦ ሩ ስክሪብ ከ1871፣ ሻንዜሊዜ 70 ከ1914 ወዲህ ነው። «የ1900 ሞኖግራም» ተብሎ ሻንዜሊዜ የሚል ወረቀት የያዘ ሳጥን ወይ ዕድሜው ተጋኗል፣ ወይ ወረቀቱ ከሌላ ሳጥን የመጣ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ የተቀባ ሞኖግራም ሸራ ደግሞ የ1959 እና ከዚያ ወዲህ ነው።

«ዝገት ካለው አቼቶ ውስጥ ይዘፍዘፍ፤ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ»

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የብረት ልብስ የለበሰ ሳጥን ከሁለት ነገሮች ባንዱ ሊለብስ ይችላል፦ በቲን የተለበጠ ስስ የብረት ላሜራ ወይም ዚንክ። በማግኔት ይለያሉ፤ ላሜራው ይስባል፣ ዚንኩ አይስብም። አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ ዚንክን ይበላል፤ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያወጣና ልሙጡን ገጽ ያጎደጉደዋል፤ ይህ አይመለስም። በቲን የተለበጠው ላይ ደግሞ በማሽን የሚዞር የሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ከማውጣቱ በፊት ልባጩን ይገፋል፤ ራቁቱን የቀረው ብረት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል። የጥግ ብረቶቹም ብዙ ጊዜ በነሐስ የተለበጠ ብረት ናቸው፤ ማግኔት የያዘውን «ነሐስ» በማወልወያ መፈተግ ልባጩን ጨርሶ ማጥፋት ነው።

የሚሠራው ቀስ ያለው መንገድ ነው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም ይነሳል። ቀጥሎ 0000 ቁጥር ያለው ደቃቅ የብረት ሱፍ አኳራጅ ነክሮ፣ እንደ መዳፍ የሚያህል ቦታ እየለዩ፣ ሳይጫኑ ማሸት፤ የቆሸሸውን ወዲያው በጨርቅ መጥረግ። ዚንክ ላይ የብረት ሱፍ አይነካም፤ ጨርቅና አኳራጅ ይበቃዋል። ቡናማ ጥላ ቢቀር ይቅር፤ ጥላ እንጂ የሚበላ ዝገት አይደለም። በመጨረሻ ስስ የማይክሮክሪስታሊን ሰም ተቀብቶ ይወለወላል። ቀለም ያለበትን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መፈተግ አይገባም፤ የአሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ በአሜሪካ እንኳ ለቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው።

«የደረቀ ቆዳ ዘይት ሲጠጣ ይመለሳል»

ቆዳው በርግጥ ቆዳ መሆኑ ይጣራ፤ ብዙ ሳጥን የለበሰው ቆዳ የመሰለ ሸራ ወይም ወረቀት ነው። የተቀደደው ጠርዝ ላይ ድርና ማግ ከታየ ሸራ ነው።

ሲነኩት ቀይ ቡናማ ዱቄት እጅ ላይ የሚተው ቆዳ አልደረቀም፤ ፈርሷል። በተክል የተለፋ ቆዳ ከአየር የሚገባው የድኝ ብክለት በጊዜ ብዛት አሲድ እየሆነ ቃጫውን ይቆርጠዋል። ዘይት የተቆረጠ ቃጫ አይቀጥልም፤ ያጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ቆይቶም ይደርቅና ያጠነክረዋል። ውሃ ደግሞ ይብሳል፤ የፈረሰውን ቆዳ ወዲያው አጥቁሮ እንደ ቅርፊት ያደርገዋል። የሚያዋጣው በአልኮል የሟሟ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የሚባል ማያያዣ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል ከ1 እስከ 2 ግራም፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሁለት ስስ ዙር። ዱቄቱን ያስይዘዋል፤ ጥንካሬ ግን አይመልስም። እጀታው እንዲህ ከሆነ ሳጥኑ ከሥር ተደግፎ ይነሳ።

«የተልባ ዘይት ለሁሉም ይሆናል»

በሳጥኑ ላይ ለተመቱት ማጠናከሪያ እንጨቶች ይሆናል፤ ለሸራው አይሆንም። ሸራ ላይ ዘይቱ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ይጣበቃል፣ ሻጋታም ይመገበዋል። እንጨቱ ላይ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ከአኳራጅ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀልና ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ያልሰረገው ሁሉ ይጠረጋል። የተጠረገበት ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ ይነዳል። ማስፈራሪያ አይደለም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሙቀት ስለሚያወጣ ነው። ጨርቁ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም የብረት ቆርቆሮ ይግባ።

«ሽታውን ለማጥፋት ገበሩን ቀዶ ማውጣት ነው»

ገበሩ የሳጥኑ መታወቂያ ነው፤ የሠሪው ወረቀትና የሥዕል ኅትመቶቹ ያሉት እዚያ ነው። ሽታውን የሚያመጣው በወረቀቱና በሙጫው ላይ ያደገ ሻጋታ ሲሆን ሽቶም ቡናም የሚያደርጉት መሸፈን ብቻ ነው። የአየር እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች ወዳለበት ቦታ ተወስዶ ክፍቱን ይሰንብት፤ ጭምብል ተደርጎ በቫኪዩም ይጸዳ፤ ከዚያ አንድ ሳህን አክቲቭ ከሰል ተቀምጦበት ለሁለት ሳምንት ይዘጋ። ሽታው ካልለቀቀና የሚሸተው ባዶው እንጨት ከሆነ 120 ግራም ሼላክ (የቫርኒሽ ሙጫ) በአንድ ሊትር አልኮል ተሟሙቶ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሽታውን እንጨቱ ውስጥ ያትመዋል።

የተላቀቀ ወረቀት በስንዴ ስታርች ሙጫ ይመለሳል፦ አንድ እጅ ስታርች በአምስት እጅ ውሃ፣ እስኪጠጥር እየተማሰለ ይበስልና ቀዝቅዞ ይጠለላል። ደማቅ አረንጓዴ ያለበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ከሆነ ግን ጓንት ይደረግ፣ በደረቁም አይፋቅ። የዚያን ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ብዙ ጊዜ አርሴኒክ አለበት።

«ቀዳዳ ካለው ነቀዝ አለበት»

ቀዳዳው ነቀዙ የወጣበት ነው። ጥቁር ወረቀት ከሥሩ ተነጥፎ ለጥቂት ሳምንታት፣ በተለይ በሞቃት ወቅት፣ ይታይ፤ አዲስ ፈዛዛ ዱቄት ካልወረደ የቆየ ታሪክ ነው። ከወረደ በፕላስቲክ አየር ሳይገባ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ሲወጣም ፕላስቲኩ አንድ ቀን ሙሉ አይከፈት፣ አለዚያ ጤዛ ይቋጥራል።

«የወለቀ ሚስማር በቪቴ ይተካ»

የሳጥኑ ግድግዳ ብዙ ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ለስላሳ ጣውላ ነው፤ ቪቴ ጥርሱን የሚያስነክስበት የለውም፣ እጀታው ሲሳብ ይዞት ይወጣል። የድሮ ሠሪዎች ሚስማሩን አሳልፈው ጫፉን ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው፦ ከብረቱና ከጣውላው ድምር ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ የማይሰበር ለስላሳ ሚስማር ይመረጣል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ከውጭ ይመታል። ጫፉ ብረቱን ሲነካ ተቀልብሶ ተመልሶ እንጨቱን ይነክሳል። ለብቻ መሥራት አያዋጣም፤ የደገፈው ብረት ከቦታው ከሸሸ ጣውላው ይሰነጠቃል።

«መቆለፊያው ራሱ መሥራት አለበት፤ አለዚያ ዋጋ የለውም»

ዋጋን የሚወስኑት ሠሪው፣ የዓይነቱ ብርቅነትና ያልተነካካ መሆኑ ናቸው፤ ዕድሜ ብቻውን ብዙም አያስጨምርም። መክፈቻው ከጠፋ ፊቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ተስማሚውን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በመዶሻ መስበር አያስፈልግም። ሲዘጋ በራሱ የሚቆልፍ ስፕሪንግ ያለው ግን ልጆች ባሉበት ቤት እንደዚያው አይተውም፤ ገብቶ የተደበቀ ልጅ ከውስጥ ሊከፍተው አይችልም፣ አየርም ያጥረዋል። ክዳኑ ላይ ያለው ምላስ ሚስማሩ ከውስጥ ተቃንቶ ይነቀልና ከነሚስማሩ በትንሽ ከረጢት ትሪው ሥር ይታሰር፤ ሳጥኑ ሲሸጥ አብሮት ይሄዳል።